ቀኝ መሪ

ገብረየስ የጋቢናውን በር የያዘውን የመጨረሻ ቡሎን ፈትቶ በሩን ወደ ደረቱ ሲስብ፣ ዓይኑ ማጠፊያው ላይ አረፈ። ማጠፊያው የፋብሪካ አልነበረም። ከትራክተር ማረሻ ብረት ተቆርጦ ዳር ዳሩን በሞረድ የተከረከመ ነው። ይህን ማጠፊያ ማን እንደሠራው ያውቃል። በ1963 ዓ.ም. ዲላ ላይ የራሱ የጭነት መኪና በር ተገንጥሎ መንገድ ላይ ሲቀር፣ ከወደቀ ማረሻ ቆርጦ የሠራው እሱ ራሱ ነበር።

"ጋሽ ገብረየስ፣ ልያዝልዎት?" አለው አሥር አለቃ ደረሰ። መኪናውን በሌላ መኪና አስጎትቶ ያመጣው እሱ ነው። ተሠርቶ እስኪያልቅ ጠብቅ ተብሎ አዋሳ ባለው የመንግሥት ጋራዥ ውስጥ መዋል ከጀመረ ሳምንት አልፎታል።

"ተወው፣ ይዤዋለሁ።"

በሩን ከግድግዳው ጋር አስደግፎ አረንጓዴውን የወታደር ቀለም በሰንጢ ጫፍ ፋቅ አደረገው። ከሥሩ ሰማያዊ ወጣ፤ የራሱ መኪና ቀለም ነው። ከዚያ በኋላ አንድ የወለቀ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

መኪናውን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው በነሐሴ 1969 ነው። ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ሲጀመር የፊያት ጭነት መኪናው፣ ኤንትሬው፣ ከነሾፌሩ ለዘመቻው ተወሰደ። ሾፌሩ ልጁ ተፈራ ነበር፤ ሃያ አራት ዓመቱ። በኅዳር ቀበሌው ጠርቶ ደብዳቤ ሰጣቸው። "ይነዳው ከነበረው ተሽከርካሪ ጋር በጠላት ከባድ መሣሪያ ተቃጥሎ ተሰውቷል" ይላል። የሚቀበር ነገር ስላልነበረ ተዝካሩን ብቻ አወጡ። ባለቤቱን ሙሉመቤትን የጎዳት ከሞቱ ይልቅ መቃጠሉ ነው። ይኸው ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ልብስ ስታጥፍም ሆነ ውኃ ስትቀዳ ድንገት ቆም ትልና፣ "ገብሬ፣ ቶሎ ይሆን የሞተው?" ትለዋለች። "ቶሎ ነው" ይላታል። ሌላ የሚላት የለውም።

አሁን ግን ተቃጠለ የተባለው መኪና ፊቱ ቆሟል።

ለማንም አልተናገረም። "የእኔ መኪና ነበር" ማለት "ንብረቴን መልሱልኝ" ማለት ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። በዚያ ላይ ደብዳቤው ውሸት ነው ማለትም ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ ማኅተም አለው። ስለዚህ ሥራውን ቀጠለ። አመሻሹ ላይ ሌሎቹ እጃቸውን ሲታጠቡ ግን ጋቢናውን በባትሪ እየፈተሸ ከወንበሩ ሥር፣ ከጣሪያው ውስጥ፣ ከሽቦዎቹ መካከል እሳት ፈለገ። የጠቆረ ነገር አላገኘም። የጣሪያው ጨርቅ እንኳ ያኔ የነበረው ነው። ታዲያ መኪናው ካልተቃጠለ ልጁስ? ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ለመውሰድ ፈራ።

የታዘዘው ሥራ እንዲህ ነበር። ጦሩ ሁለት የተሰበሩ መኪኖች ልኳል። አንዱ ባለ ስድስት ጎማ የሩስያ ኡራል ነው፤ ጭቃም አሸዋም አይበግረውም፤ ግን ሞተሩ ተሰንጥቋል፣ ጋቢናውም ተጨፍልቋል። ሌላው ነገሌ ቦረና መንገድ ላይ የተገለበጠው ኤንትሬ ነው፤ ሻንሲው፣ የሚሸከመው ብረት፣ ተጣሟል፣ የናፍጣ ሞተሩ ግን ደህና ነው። ከሁለቱ አንድ መኪና ይውጣ ተባለ። የኤንትሬው ሞተርና ጋቢና የኡራሉ ሻንሲ ላይ ሊቀመጥ ነው።

የጋራዡ ኃላፊ ጓድ ኩማ በየማለዳው እየመጣ ይቆማል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከበላይ የሚደወልለት ስልክ ግን እንቅልፍ ነስቶታል።

"ለታኅሣሥ አሥራ አምስት ይደርሳል ብያለሁ፣ ጋሽ ገብረየስ። ጉድ እንዳይሠሩኝ።"

"የጣሊያኑ ሞተርና የሩስያው ካምቢዮ አይተዋወቁም። በመካከላቸው ወፍራም የብረት ሳህን ቶርኖ ማሽን ላይ ተቆርጦ መግባት አለበት። አንድ ፀጉር ከሳተ ፍሪሲዮኑን ይበላዋል።"

"መሪውስ? የኤንትሬ በቀኝ፣ የኡራል በግራ ነው።"

"ወደ ግራ ይዞራል። የጋቢናውን ወለል እቆርጠዋለሁ።"

ወለሉን የቆረጠ ዕለት ነው ነገሩ የወጣው። ደረሰ እንደ ልማዱ ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጦ ያያል። በግራ እግሩ ያነክሳል።

"ጋሽ ገብረየስ፣ ያ የቀኙ ወንበር ሊጣል ነው?"

"የረዳት ወንበር ይሆናል እንጂ አይጣልም።"

"ደግ። ነፍሴን ያተረፈ ሰው የተቀመጠበት ነው።"

ገብረየስ የጋዝ መቁረጫውን አጠፋ። "ማነው እሱ?"

"በሰባ ነው፣ ጅጅጋ በጠላት እጅ የወደቀች ሰሞን። እግሬን ተመትቼ ሜዳ ላይ ወድቄያለሁ። ሁሉም ይሸሻል፣ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ይሄ ኤንትሬ ጥይት ጭኖ የመጣ ነበር። ሾፌሩ ሲቪል ነው፣ ከነመኪናው ለዘመቻ የተወሰደ። ጥይቱን ሜዳ ላይ አራገፈና እኛን ጫነን። ሠላሳ እንሆናለን። ማንም አላዘዘውም።"

"ከዚያስ?"

"የማርዳን ተራራ አሻግሮ ይዞን ወረደ። ባቢሌ ሳይገባ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ የቆመበት ቦታ አለ። እዚያ የራሳችን ወገን ኬላ ዘርግቶ ጠበቀን። አንድ መኮንን 'በማን ትእዛዝ ጥይት ጥለህ ተመለስክ?' አለው። 'ቁስለኛ ነው የጫንኩት' አለ። አስወረደው።" ደረሰ ዙሪያውን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለሚሸሽ ሁሉ ማስተማሪያ ይሁን ብሎ... እኛ ከላይ ሆነን እያየን ነው። አንዲት ጥይት ናት። እዚያው ድንጋዩ ሥር ቀበሩት።"

"ስሙ ማን ነበር?"

"አልጠየቅሁትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከሆስፒታል ስወጣ መኪናውን ፈልጌ፣ ለምኜ፣ እኔ ልንዳው ብዬ ተረከብኩት። ብቻ ተጫዋች ነበር። ሲያሳፍረን 'መኪናው የአባቴ ነው፣ ደም እንዳታስነኩብኝ፣ አዋሳ ስመለስ ይገድለኛል' እያለ በዚያ ሥቃይ ውስጥ ያስቀን..."

አልጨረሰውም። የሽማግሌውን ፊት አየ። ከዚያ ግድግዳው ላይ በተደገፈው በር ተፍቆ የወጣውን ሰማያዊ ቀለም አየ። ከበርሜሉ ተነሥቶ ቆቡን አወለቀ።

"ጋሽ ገብረየስ..."

"ቆብህን አድርግ፣ ሰው ያየናል።"

"እኔ እኮ አላወቅሁም። ባውቅ ኖሮ..."

"ደግ አደረግህ። የነገረኝ ሰው አልነበረም።" እጁን ወደ መቁረጫው ዘረጋ። "ለማንም እንዳትናገር። ለአንተም ጥሩ አይደለም።"

መቁረጫውን ለኩሶ ወደ ወለሉ ጎንበስ አለ። ያን ዕለት የቆረጠው መስመር እየተንሻፈፈ ወጣ፤ በአርባ ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም። ማታ ላይ ሞርዶ አቃናው።

በታኅሣሥ አሥራ ሦስት ሞተሩ ተነሣ። ደረሰ እየነዳ፣ ገብረየስ በቀኙ ወንበር ተቀምጦ፣ ከከተማው ወደ ቱላ ወጥተው ትራክተር እንኳ የሚፈራውን ጭቃ ፈለጉ። መኪናው እያቃሰተ ገባ፤ ስድስቱም ጎማ እየቧጠጠ ወጣ። ከዚያ ወደ ጋራዡ ተመለሱ። ገብረየስ የወንበሩን ጠርዝ ይዞ፣ ልጁ የነበረበትን ከፍታ፣ ልጁ ያይበት የነበረውን መስታወት እያሰበ መጣ።

ጓድ ኩማ በደስታ የሞተሩን ክዳን መታ መታ አደረገ። "ወደ ጅጅጋ ይላካል ተብሏል፣ ለአሸዋው። ለአንድ ወር አብሮት የሚሄድ መካኒክ አምጣ ብለውኛል። ከልጆቹ አንዱን እልካለሁ።"

"እኔ እሄዳለሁ።"

"እርስዎ? በስድሳ ዓመትዎ? በረሃ እኮ ነው!"

"የሞተሩና የካምቢዮው ሳህን ብትላወስ ከእኔ ሌላ የሚያውቃት የለም።"

ኩማ ትክ ብሎ አየውና ትከሻውን ሰበቀ። የሚሄድ ሰው በማግኘቱ ግን ቅር ያለው አይመስልም።

ገብረየስ ከፒያሳ እስከ ቤቱ በእግሩ ሄደ። ምን እንደሚነግራት ያውቃል፤ የት ላይ እንደሚያቆም ግን አላወቀም። ሙሉመቤት ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

"በሳምንቱ መጨረሻ ጅጅጋ እሄዳለሁ" አላት።

"ምን ልትሠራ? ደግሞ አንተንም ሊወስዱህ ነው?"

አጠገቧ ተቀመጠ። "ሙሉ፣ ተፈራ አልተቃጠለም።"

እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ። ነገራት። ስለ ኤንትሬው፣ ስለ በሩ ማጠፊያ፣ ስለ ወታደሩ፣ በጥይቱ ፈንታ ስለጫናቸው ሰዎች። ስለቀለደው ቀልድም ነገራት።

"ሠላሳ ሰው?"

"ሠላሳ ሰው።"

"የተቀበረበት ቦታ አለው?"

"አለው። መንገድ ዳር ነው። መኪናው በዚያ ያልፋል፣ አስቆመዋለሁ።"

"ቶሎ ነው የሞተው?"

"አንዲት ጥይት ናት። አልተሠቃየም።" ይህን መልስ ለመጀመሪያ ጊዜ አውቆት ሰጣት።

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አለቀሰች። ድምፅ አላሰማችም፤ የጎረቤት ሰው ምን ሆናችሁ እንዳይል። ከዚያ ፊቷን ጠረገችና ቀጥ ብላ አየችው።

"የማን ጥይት?"

ቢነግራት ዝም አትልም። ትጮኻለች፣ ነገ ቀበሌ ትሄዳለች፣ ያስሯታል፣ ሰኞ ደግሞ እሱ እሷን ፍለጋ ይወጣል። ባይነግራት ደግሞ ልጇን ማን እንደገደለባት ሳታውቅ ትሞታለች።

"የጠላት" አላት።

ይህን ሲል የዋሸ አልመሰለውም።