ግድግዳ የተደገፈው ሚዛን

ባለቤቴ ግትር ነው። ሠላሳ ዓመት እህል መጋዘን ውስጥ ሲመዝን ኖሮ፣ ኩላሊቱ ከደከመ ወዲህ ተመዛኙ ራሱ ሆነ። በሳምንት አራት ቀን ደሙ በማሽን ይታጠባል። ሐኪሙ፣ «ወር ሙሉ በእጥበቶቹ መሀል ከሁለት ኪሎ በላይ ውኃ ካልያዙ፣ ቅዳሜን እተውልዎታለሁ» ብሎታል። ቅዳሜ የልጅ ልጆቹ የሚመጡበት ቀን ነው።

ወሩን አሳራችንን አየን። ውኃውን በጠርሙስ ለክቼ እሰጠዋለሁ፤ ሾርባ ከጠጣ ከዚያው እቀንሳለሁ። ሲጠማው ተጉመጥምጦ ይተፋል። እኔ እሱ ፊት መጠጣት አልሆነልኝም፤ ጓዳ ገብቼ እንደ ሌባ እጎነጫለሁ።

የመጨረሻው ቀን ሚዛን ላይ ወጣ። ሲስተሯ አየችና፣ «አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ብቻ ነው የጨመሩት። እሰይ፣ ቅዳሜ የእርስዎ ናት ጋሼ» አለችው። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እሱ ግን አልወረደም።

«ይሄ ሚዛን ይዋሻል» አለ።

«ኧረ ጋሼ፣ ዲጂታል እኮ ነው።»

«ዲጂታልም ይዋሻል። ጫማዬ ጠቦኛል። ትናንት ደግሞ ሐብሐብ በልቻለሁ።»

ሐብሐብ? ከማን እጅ? ደሜ ፈላ። «ዝም በል አንተ ሰውዬ» ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። ማን ሰምቶኝ።

ጎንበስ ብሎ አየ። ወለሉን ሲያጸዱ ሚዛኑን ገፍተውት ጠርዙ ግድግዳውን ተደግፏል። ወደ መሀል ስቦ እንደገና ወጣ። ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ። ቅዳሜ ሄደች።

«ዝም ብትል ምን ነበረበት?» አልኩት፣ እንባዬ እየመጣ።

«ያልወጣው ውኃ ሳንባዬ ውስጥ ሲገባ ቅዳሜ ምን ያደርግልኛል? ከእኔ በፊት የተመዘኑትስ? እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር ነው» አለኝ።

ሲስተሯ ክው አለች። አራት ሰዎች ተመዝነው ማሽን ይጠብቁ ነበር። እንደገና ሲመዘኑ፣ ከጠዋት ጀምሮ ትንፋሽ ያጠራት አንዲት እናት ሁለት የተባለችው ሦስት ተኩል ኪሎ ውኃ ይዛ ተገኘች። ወዲያው ማሽን ላይ አስገቧት። ሌሎቹም ልዩነት ነበራቸው።

ሐኪሙ ወሩን እንደ አዲስ አስጀመረን። ስለዚህ አሁንም ቅዳሜ እንሄዳለን። በሽተኞቹ ተሰልፈው ይጠብቁታል። እሱ ጎንበስ ብሎ የሚዛኑን ዙሪያ ሳያይ አንድም ሰው አይወጣበትም። እኔ ቦርሳውን ይዤ ከኋላው እቆማለሁ።

«ባሌ ነው» እላለሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።