አዮኮ መጣሁ አለች

ሎሜ ውስጥ ስም የሌለው ጨርቅ አይሸጥም። ቀለሙ ዓይን ቢያጥበረብር፣ ሥዕሉን መላእክት ወርደው ቢስሉት፣ ስም ካልወጣለት መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲለብስ ይከርማል። ስም የምታወጣው ደግሞ ናና ዴላሊ ናት። ናና ዴላሊ ትልቁ ገበያ አጠገብ ሱቅ፣ ሱቁ በር ላይ መርሴዲስ፣ መርሴዲሱ ውስጥ ደግሞ መኪናውን የሚጠብቅ ባል ያላት ነጋዴ ናት። ከወደብ አዲስ እቃ ሲወርድ ጣቃውን ትዘረጋና ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታየዋለች፤ ከዚያ «ጎረቤቴ ትፈንዳ» ትለዋለች፣ ወይም «የባሌ እናት ምን አገባት»። ቅዳሜ ሲደርስ የከተማው ሴት ሁሉ ስሙን ለብሳ ለቅሶ ትወጣለች። መሰዳደቡ ሁሉ ማንም አፉን ሳይከፍት በሰላም ያልቃል።

የባቡር ጣቢያው ሹም የፎሊ ሚስት አዮኮ ከእነዚህ ሴቶች በአንድ ነገር ትለይ ነበር። ማንኛውንም ጨርቅ ከሁሉም በፊት መልበስ አለባት። ሌላ ሴት የቀደመቻት ጨርቅ ገላዋን ያሳክካታል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ሐኪም አይቶ ቅባት አዝዞላታል። እንግዳ ቤቷ ቢመጣ የሚቀመጥበት ወንበር አያገኝም፤ ሳጥን ላይ ይቀመጣል፣ በሳጥኑ ውስጥም ጨርቅ ነው። ፎሊ ሁለት ሱሪ አለው። አንደኛው የሥራ ሲሆን ሁለተኛው አንደኛው ሲታጠብ የሚለበስ ነው። ሰውዬው ዝምተኛ ስለሆነ ይህንንም ለማንም አልተናገረም፤ ሱሪው ራሱ ይናገራል።

ባለፈው ዓመት የፎሊ እናት አረፉ። አሮጊቷ አዮኮን ይወዷት ነበር። ሌላው የባሏ ዘመድ አዲስ ልብስ ለብሳ ስትመጣ ፊቱን ሲያዞር፣ እሳቸው ግን «ዙሪ እስቲ» ብለው ከፊትም ከኋላም አይተው፣ አጨብጭበው ነው የሚያስቀምጧት። አዮኮም ለቀብራቸው ልብሷን በልኳ አሰፍታ፣ ከቤተሰቡ ሴቶች ጋር ተሰልፋ መቃብሩ አፍ ድረስ እያለቀሰች ሄደች። ምን ያደርጋል፣ ሰይጣን ሥራ አይፈታምና፣ የውል አዋዋዩ ሚስት አብላቪ ማንም አይቶት የማያውቅ ሐምራዊ ጨርቅ ለብሳ ከተፍ አለች።

አዮኮ እንባዋን ሳትጠርግ ተጠጋቻት። «አብላቪ፣ ይሄ ከየት ነው?»

«ነፍስ ይማር» አለች አብላቪ መጀመሪያ፣ ለወጉ ያህል። «ከናና ነዋ። ዛሬ ጠዋት ነው የወረደው። እኔ ስወጣ ሁለት ሦስት ጣቃ ቢቀር ነው። አንቺማ ሐዘን ላይ ነሽ፣ ምን ይደረጋል።»

አዮኮ ሬሳውን አየች፤ ካህኑ መጽሐፉን ገና እየገለጠ ነው። ገበያው ቅርብ ነው። ወደ ፎሊ ታላቅ እህት ወደ ዴዴ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ መጣሁ» አለችና ወጣች።

የትልቁ ወንድ ልጅ ሚስት ከልጆቹ ቀጥላ አፈር ማልበስ ወግ ነው። ካህኑ ጠራት፤ የለችም። ደግሞ ጠራት። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ፍየል «አቤት» ያለች መሰለ፤ ሐዘን ስለሆነ ሰው ሳቁን ወደ ሆዱ መለሰው። ፎሊ የራሱንም የእሷንም ድርሻ አፈር መለሰ። አዮኮ ጥቅሏን በብብቷ ይዛ እያለከለከች ስትደርስ ሰው እጁን እየታጠበ ነበር።

«ደረስኩ?» አለች።

«ደርሰሻል» አለች ዴዴ። «ውሃው አላለቀም።»

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ፣ ነገሩ በዚያ አላበቃም። ናና ዴላሊ ሱቅ ውስጥ ስም አጥቶ የተቀመጠ አንድ ጨርቅ ነበር፤ መደቡ ቢጫ፣ በላዩ ላይ የሚሮጡ ቀያይ የእግር ዱካዎች። ማንም አልገዛውም። የቀብሩ ወሬ ከእነ ፍየሏ ገበያ ሲደርስ ናና ጣቃውን አውርዳ ዘረጋችው፣ ዓይኗንም ጨፈን አደረገች። «አዮኮ መጣሁ አለች» ብላ ሰየመችው። በሳምንቱ ከሎሜ አልፎ የአክራና የኮቶኑ ሴቶች በእሱ ሲሻሙ ሰነበቱ።

ከዚያ ወዲያ አዮኮ መንገድ የምትወጣው እንደ ሌባ ጥግ ጥጉን ይዛ ሆነ። ዓሣ ሻጮቹ ሲያዩዋት «ቆይ፣ መልሱን ሳትቀበይ እንዳትሄጂ!» ይሏታል። ጎረቤቷ ጨው ልትበደር መጥታ «መጣሁ ብዬ ልጆቹን ትቻቸው ነው፣ እንደ አንቺ እንዳልሆን» ትላታለች። ይህ ሁሉ ያማል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን አዮኮን ሌሊት የሚያገላብጣት ሌላ ነገር ነበር፤ ጨርቁ ያምራል። ቢጫው የተመታ የእንቁላል አስኳል ነው፣ ቀዩም ቢያጥቡት አይለቅም። ከተማው በሙሉ አዮኮን ለብሶ ሲዞር እርቃኗን የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ሁለት ጊዜ በናና ሱቅ የጀርባ በር ገብታ ጨርቁን በጣቷ ዳሳ ወጥታለች።

የአሮጊቷ ሙት ዓመት ሲቃረብ ቤተሰቡ ዴዴ ቤት ተሰበሰበ። ወጉ ቤተሰቡ አንድ ዓይነት እንዲለብስ ነውና፣ ዴዴ የበቆሎ ገንፎውን ለሁሉ አቅርባ፣ እጇን ታጥባ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ተናገረች።

«የእናታችን ሙት ዓመት ልብስ ‹መጣሁ› ይሁን ብያለሁ።»

አንድ አጎት ትን አለው።

«እትዬ፣ ሌላ ጨርቅ ጠፋ?» አለች አዮኮ።

«ምነው፣ አትወጂውም? የፋሽን ሰው ነሽ ብዬ እኮ ነው። ደግሞ አይዞሽ፣ ካልደላሽ መቅረት ነው። እኛ አንቺን ማጣት ለምደናል።»

አዮኮ ቤቷ ስትገባ ሳጥኖቹ መሃል ቆማ አለቀሰች። «ፎሊ፣ እህትህ ከነነፍሴ ልትቀብረኝ ነው! ብለብሰው መሳቂያ፣ ባልለብሰው መሳቂያ። አንተ ደግሞ ዝም!»

ፎሊ ጫማውን እያወለቀ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ስለ ቀብሩ ቀን አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ያን ዕለት ግን ቀና ሳይል ተናገረ። «ብትለብሺም ባትለብሺም ለእኔ አንድ ነው። መምጣትም መቅረትም ይቻላል። ከመጣሽ ግን እስከ መጨረሻው ተቀመጪ። እንደገና ለሁለት ሰው አፈር አልመልስም።»

ከዚያ በኋላ አንድ ጫማውን እንዳወለቀ ተቀምጦ ቀረ። አዮኮ አንድ ነገር ገባት። ይህንን ሰውዬ ልታጣው ትችላለች። ሄዶ አይደለም፤ ፎሊ የትም አይሄድም። እዚሁ ቤት፣ እዚሁ ሳጥን ላይ እንደተቀመጠ ልታጣው ትችላለች። በጣም ፈራች።

በማግስቱ ጨርቁን ገዝታ ልብስ ሰፊው ቴቴ ዘንድ ሄደች። ኀፍረትም ቢሆን በልክ ይሰፋ ብላ ነው። ቴቴ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን እንደ ሐኪም ዞረው።

«እመቤቴ፣ ሌሎቹ ሴቶች ሲለብሱት እግሮቹ ወደ ውጭ ነው የሚሮጡት። እኔ ገልብጬ ልቁረጥልሽ። በአንቺ ላይ ወደ ደረት ይሮጣሉ፤ ወደ ቤት።»

«ታዲያ ሰው ልዩነቱን ያያል?»

«የሚያየው ያያል። የማያየው ደግሞ እጅጌውን ያያል» አለና እጅጌውን ድንኳን አሳክሎ ሰፋላት።

ቅዳሜ የዴዴ ግቢ ቢጫ በቢጫ ሆነ። ዳሱ ሥር ቢያንስ መቶ ሴት በአዮኮ እግር ተሸፍና ተቀምጣለች። የእግሮቹ ባለቤት ስትገባ ሁሉም ዞረው አዩ። ዴዴ ለዚህ ሰዓት አንድ ዓመት ሙሉ ያዘጋጀችውን ቃል ልትወረውር ተነሳች፤ ግን እጅጌው ላይ ዓይኗ አረፈ።

«ማነው የሰፋልሽ?» አለች ሳታስበው።

«ቴቴ ነው እትዬ።»

«ምን ያህል አስከፈለሽ? ...ሂጂ፣ ሂጂ ተቀመጪ» ብላ በራሷ ተናዳ ቁጭ አለች።

አዮኮ ከፎሊ ጎን የፊት ረድፍ ላይ ተቀመጠች። መዝሙሩ ተዘመረ። ያን ዕለት ትን ያለው አጎት ስለ ሟች ሊናገር ተነሥቶ ስለ ራሱ ተናገረ። ቀሪው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በመጨረሻ የአሮጊቷ ስም በሙሉ ይጠራል፣ ቤተሰቡ ይነሣል፣ ወጉ የሚያዘው ለቅሶ ይለቀሳል። ያኔ ነው ከኋላዋ ሽቶ የሸተታት። ናና ዴላሊ ወንበሯን አስጠግታ ጆሮዋ ሥር ገብታለች።

«አዮኮ፣ እኔ በአንቺ ላይ ክፋት የለኝም፤ ንግድ ነው። ዛሬ እቃ ወርዷል። መደቡ አረንጓዴ፣ ጎጆዋ የምትገባ ወፍ አለችበት። ስሙን ‹አዮኮ ተመለሰች› ልለው ነው።»

«እውነትሽን ነው ናና?» አለች አዮኮ።

«ያ ስምሽ በዚህ ይታጠባል። በሳምንት ውስጥ ‹መጣሁ›ን የምትለብስ ገረድ እንኳ አትገኝም። ግን የመጀመሪያውን ጣቃ አንቺ ነሽ የምትወስጂው። ሌላ ሴት ለብሳው አዮኮ ተመለሰች እንዴት ይባላል?»

«ሰኞ በጠዋት እመጣለሁ።»

«ሰኞ? የኮቶኑ ነጋዴዎች ሱቄ በር ላይ ቆመዋል። አብላቪም ሸትቷታል፤ ወንበሯን እይው።» ወንበሩ ባዶ ነበር። «ባሌ መኪናውን አስነሥቶ ደጅ ላይ ነው። ደርሰሽ ትመለሻለሽ። አጎትየው እንደሆነ ገና ወታደር ቤት አልገባም።»

እውነት ነው፤ አጎትየው ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅነቱ ላይ ነበር። አዮኮ አሰበች። ስሟን ከስድብ የሚያወጣላት ጨርቅ መጥቷል፤ ለዚያውም አረንጓዴ፣ ለዚያውም ከሁሉም በፊት። የሚጠበቅባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያኔ ያደረገችውን ዛሬም ማድረግ። ይህን እያወቀች እግሯ ግን ቀደማት። ከወንበሩ ከፍ አለች፤ «መጣሁ» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ፎሊ አላያትም። አጎቱን እያየ ጉልበቶቹን ወደ ጎን ሰበሰበላት። አውቶቡስ ላይ ጎናችን የተቀመጠ ሰው ወራጅ ሲል እንደምናደርገው፣ እንድታልፍ መንገድ ለቀቀላት። ቁጣም፣ ልመናም አልነበረውም። ድሮም እንደምትወርድ ያወቀ ሰው ነው።

ዓመቱን በሙሉ የሰማችው ስድብ አንድ ላይ ቢደመር እንዲህ አላማትም። ቁጭ አለች።

«ናና፣ ለሌላ ስጪው» አለች። ድምፅዋ ጥርሷን ያለ ማደንዘዣ የሚነቅሏት ሰው ድምፅ ነበር።

«ደህና ነሽ? ያምሻል?» አለች ናና፤ ሌላ ምክንያት አልታያትም። ከዚያም ሽቶዋን ይዛ ወጣች። የመርሴዲሱ ሞተር ሲርቅ አዮኮ እስከ ማዕዘኑ ድረስ በጆሮዋ ሸኘችው።

በመጨረሻ አጎትየው ራሱን ጨረሰና የአሮጊቷ ስም ተጠራ። ቤተሰቡ ተነሣ። አዮኮ ወጉን ልታደርስ አፏን ስትከፍት ያልጠበቀችው ለቅሶ ወጣ፤ ቅርጽ የሌለው፣ አፍንጫ የሚያስረጥብ፣ በምንም እጅጌ የማያምር ለቅሶ። አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ስሟ ስታለቅስ ለእኚያ ሴት አንድ ቀን አላለቀሰችም ነበር። አሮጊቷ ናፈቋት። አሁን ልብሷን አይቶ የሚደሰትላት ሰው በዓለም ላይ የለም፤ የሚቀናባት ብቻ ነው ያለው። የፎሊ ጉልበቶች ወደ ቦታቸው የተመለሱት መቼ እንደሆነ አላየችም፤ ቤተሰቡ መልሶ ሲቀመጥ ግን ጉልበቱ ጉልበቷን ነክቶት ነበር፣ እሱም አላነሣውም።

የሚያምር መጨረሻ የሚወድ ሰው እዚህ ጋ ቢነሣ ይሻለዋል፤ ምክንያቱም ማክሰኞ መጣ።

ማክሰኞ ፎሊ ከጣቢያው ሲመለስ አዮኮን አልጋው ላይ ተደፍታ እየተንሰቀሰቀች አገኛት።

«ምን ሆነሽ? እናቴን ነው?»

«አረንጓዴ ነው ፎሊ!»

«ምኑ?»

«ጨርቁ! አብላቪ ወሰደችው። ናና ስሙን ቀየረችው። ‹አዮኮ አመለጣት› ብላዋለች። አመለጣት! የዳቦ ቤቷ ልጅ ሳትቀር ለብሳዋለች!»

ፎሊ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስለ ጨርቅ ጠይቆ የማያውቀው ሰውዬ «ያምራል?» አለ።

«በጣም ያምራል!» ብላ ጮኸች። «አብላቪ ግን አበላሸችው። የእሷ ሰፊ ጨርቁን ገልብጦ ቆርጦት ወፏ ቁልቁል ናት! በአፍንጫዋ ነው ጎጆዋ የምትገባው! ወፍ እንዲህ ትገባለች? ንገረኝ እስቲ፣ ወፍ በአፍንጫዋ...»

ፎሊ ሊመልስ አፉን ከፈተና ሳቅ ቀደመው። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በትከሻው፣ ኋላም ሆዱን ይዞ አልጋው ላይ እስኪዘረር ሳቀ። አዮኮ በትራስ መታችው፤ ሳቁ ባሰበት። ያን ሳቅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው ከቀብሩ በፊት ነበር፤ ይህን ያህል እንደናፈቃት እሷም አታውቅም ነበር። ትራሱን ጣለችና አብራው ሳቀች።

ቢሆንም የወፏ ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ ነሥቷት አደረ።