የፓምፑ አተካከል መመሪያ

አማቷ ላሟን አልበው ሲገቡ እሷ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ነበር። ኔትወርክ ያለው ዳገቱ ላይ ካለው ወፍጮ ቤት አጠገብ ብቻ ስለሆነ፣ እንደ ሰሞኑ ሁሉ በጠዋት ልትወጣ ነው።

"ዛሬ ይነግሩሻል አይደል?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እምቢ ካሉሽስ?"

"ከተማ ገብቼ ሥራ እፈልጋለኋ።"

አሮጊቷ የወተቱን ዕቃ ከደኑ። ልጃቸው፣ የእሷ ባል፣ ከተቀበረ ወዲህ በቤቱ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከሄደች አንድ ይቀራል።

ባሏና እሷ ስምንት ዓመት በየገጠሩ እየዞሩ የውኃ ፓምፕ ሲተክሉ ኖረዋል። እዚሁ ተቀምጣ የምትሠራው ሥራ በኢንተርኔት ስትፈልግ ሦስት ወር ሆናት፤ በመጨረሻ አንድ የቴክኒክ መመሪያ አዘጋጅ ድርጅት የፓምፕ አተካከል መመሪያ ጽፋ እንድትልክ ፈተና ሰጣት። እጇ የሚያውቀውን ሥራ ነው የሰጧት። በአንድ ቀን ጽፋ ላከች።

"እትዬ ላፕቶፕ! ዛሬም ያለ እህል?" አሉ ባለወፍጮው። ስልኳ ሲጠራ ግን ሞተሩን አጠፉላት። "አሥር ደቂቃ ብቻ! ከዚያ ወዲያ እነዚህ ሴቶች በቁሜ ይበሉኛል።"

የደወለችው የድርጅቱ አርታኢ ነበረች።

"ጽሑፍሽ ጥርት ያለ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ ተራ ቁጥር አራት ላይ 'ሁለተኛው ሰው ቧንቧውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል' ይላል። ይሄ ሰው ማነው?"

"አቤት?"

"ፓምፑ እኮ አንድ ሰው ብቻውን እንዲተክለው የተሠራ ነው። ቧንቧውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው መቆንጠጫ አብሮት አለ፤ የላክንልሽን የዕቃ ዝርዝር እዪው። ረዳቱን ከየት አመጣሽው?"

ዝርዝሩን አየች። መቆንጠጫ፣ አንድ። እሷና ባሏ በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ከካርቶኑ አውጥተውት አያውቁም።

"ተሳስቻለሁ" አለች።

"እስከ ቀትር አርመሽ ላኪልን። ሥራው ያንቺ ነው።"

"ምን አሉሽ?" ባለወፍጮው አንገታቸውን አሰገጉ።

"ተቀበሉኝ።"

"ታዲያ እልል አትይም? ፊትሽ ምን ሆነ?"

"ሞተሩን ያስነሱት፣ ጋሼ። ሴቶቹን አያስጠብቁ።"

ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። "ቧንቧውን በመቆንጠጫው ያስሩ" ብላ ጻፈች። ሰውየው ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይም አለ፤ አሥራ አንድ ላይም። አንድ በአንድ ሰረዘችው። ከላይ እስከ ታች አነበበችና ላከችው።

መመሪያው ውስጥ አሁን ቧንቧውን የሚይዝ ሰው የለም።