በለጥሻቸው አላለቀሰችም

አምኃ ስልክ ሲደውል በለጥሻቸው ሜልበርን ውስጥ ሜድስቶን ሰፈር ካለው ቤቷ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። ልጇ የሚኖረው ሌላ ሰፈር፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ ነው። በሥራ ሰዓት ደውሎ ስለማያውቅ ገና ድምፁን ስትሰማ ደነገጠች።

«እማ፣ አር ዩ ኦኬ?»

«ደህና ነኝ። ምነው?»

«ፎቶሽን አየሁት። ስታለቅሺ። ምን ሆነሽ ነው? ለምን አልነገርሽኝም?»

«የምን ለቅሶ? ማን አለቀሰ?»

«ሥራ ቦታ አንዷ ኤግዚቢሽን ሄዳ አንስታው አሳየችኝ። አንቺ ነሽ፣ እማ። የገዛ እናቴን አላውቃትም እንዴ?»

ላከላት። በለጥሻቸው እጇን በቀሚሷ አድርቃ ስልኩን ከፈተችው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ዙሪያው ድቅድቅ ጨለማ፣ ከጨለማው ውስጥ የወጣው የሷ ፊት ብቻ። ግንባሯ ላይ ያለው መስመር ሁሉ በቢላ የተሰነጠቀ ይመስላል። ዓይኗን ጨፍናለች፣ አፏን በሻርፗ ጫፍ ይዛለች፣ ጉንጯ ላይ የወረደው እንባ ያበራል። እሷ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ግን ሰማንያ የሞላት ትመስላለች። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «በለጥሻቸው፦ የማይደርቅ እንባ» ተብሎ ተጽፏል።

ፎቶውን ያነሳው ያቤጽ ነው። ያቤጽ በሙያው ቪዛ አግኝቶ ከአዲስ አበባ ሜልበርን ከገባ አራት ዓመቱ ነው፤ በሥራ ቀን ግራፊክስ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግና ክርስትና ያነሳል። ከሁለት ወር በፊት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላትና ስለ ቀደምት ስደተኞች ኤግዚቢሽን እያዘጋጀ መሆኑን ነገራት። ትሑት ልጅ ስለሆነ እሺ አለችው። ቤቷ ሊያነሳት ሲመጣ ማንተግቦሽም ነበረች። ማንተግቦሽ ኬንያ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ድንኳናቸው ጎን ለጎን ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ያልተለየቻት ጓደኛዋ ናት።

በዚያን ቀን ማንተግቦሽ አንድ ጉድ ታወራ ነበር። ማሪቢርኖንግ ያለው የገበያ ማዕከል ገብታ ስትወጣ መኪናዋን አጣችው። ጥበቃዎቹን ጠርታ፣ ፓርኪንጉን ፎቅ በፎቅ አስፈልጋ፣ ተሰረቅኩ ብላ ፖሊስ ልትጠራ ስትል በትራም እንደመጣች ትዝ አላት። ለጥበቃዎቹ ግን እንዴት ብላ ትንገራቸው? «ባሌ ወስዶት ነው ለካ አልኳቸው» አለች ማንተግቦሽ። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሁለቱ ሴቶች እየተደጋገፉ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ያቤጽ ካሜራውን የተጫነው ያኔ ነው።

ይኸው እንግዲህ የሳቋ እንባ። መስኮቱ የለም፣ ሶፋው የለም፣ የሻርፗ ቀይ የለም። ትከሻዋ ላይ የነበረው የማንተግቦሽ እጅ የለም። ማንተግቦሽ ራሷ የለችም።

የባሰው እሑድ መጣ፤ ፎቶው በኢንተርኔት ተዳርሶ ሰው ሁሉ አይቶታል። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ያቅፋታል። አንዷ እጇን ይዛ «አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል» ትላታለች። ሌላዋ ወደ ጎን ስባ «ልጁ ነው ያስቸገረሽ?» ብላ ጠየቀቻት። አምኃን! በየሳምንቱ እየመጣ ሳሯን የሚያጭደውን ልጅ! አንድ ሽማግሌ ጭራሽ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት፣ ሰው የሞተባት ይመስል። ለእያንዳንዱ «ደህና ነኝ፣ እየሳቅኩ ነበር» ብላ ስትመልስ ሰዉ ይበልጥ ያዝንላታል፤ ሐዘኗን የምትደብቅ እየመሰላቸው።

ማንተግቦሽ ፎቶውን ያየችው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ስልኩን አራቀችው፣ መልሳ አቀረበችው።

«እኔስ?»

«አጥፍቶሻል።»

«ምን በድዬው?»

«ነይ እንጠይቀው» አለች በለጥሻቸው።

ያቤጽ የቤቱን በር የከፈተላቸው ፊቱ በርቶ ነው። «እትዬ በለጥሻቸው! ልደውልልዎ ነበር እኮ። የእርስዎን ኤግዚቢሽኑ መግቢያ ላይ ነው የሰቀሉት። ሰው ሁሉ እሱ ጋ ነው የሚቆመው!»

«ማንተግቦሽ የት አለች?»

ያቤጽ ማንተግቦሽን አየና ሳቅ አለ። «ይኸው አብረውዎት መጥተዋል አይደል እንዴ?»

«ፎቶው ላይ።»

ሳቁ ጠፋ። አስገብቶ አስቀመጣቸው፣ ውሃ ላምጣ አለ፣ አንፈልግም አሉት። ቢጨንቀው ኮምፒውተሩን ከፈተ። ሥራው ገብቷቸው ይቅር የሚሉት ሳይመስለው አልቀረም።

«ያያሉ እትዬ፣ መጀመሪያ ቀለሙን አወጣሁት። ቀለም ካለ ዓይን ይበተናል። ከዚያ ይህቺን ማስተካከያ ወደ ቀኝ ስስባት ጥላው ይጠቁራል። ይህቺ ደግሞ ቆዳው ላይ ያለውን ዝርዝር ታወጣለች።» ጣቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለው ፊት ያረጃል። በለጥሻቸው ዓይኗ እያየ አሥር ዓመት፣ ከዚያ ሌላ አሥር ዓመት ተጨመረባት። «እንባውን ደግሞ ትንሽ አበራሁት። የነበረ ነው፣ እኔ አልጨመርኩም።»

«መልሰው።»

«እትዬ…»

«መልሰው አልኩህ!»

መለሰው። መስመሮቹ ሳሱ፣ የመስኮቱ ብርሃን ገባ፣ ሻርፑ ቀላ። መጀመሪያ ትከሻዋ ላይ ያለው እጅ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ማንተግቦሽ ሙሉ በሙሉ፣ አፏን ከፍታ፣ የወርቅ ጥርሷ እያብለጨለጨ።

«አለሁ ለካ» አለች ማንተግቦሽ ቀስ ብላ። ማንም አልሳቀም።

«እንዲህ ብሰቅለው ማን ያያል?» አለ ያቤጽ። «ሁለት ሴቶች ሲስቁ ሰው አይቶ ያልፋል። እንባ ሲያይ ግን ይቆማል። ለእኛው ብዬ ነው እትዬ፣ ታሪካችን እንዲታወቅ።»

«የማን ታሪክ?»

«ያው የስደት… እርስዎ ያለፉበት።»

«ያለፍኩበትን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ያቤጽ ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ።

«እዚያ ካምፕ ውስጥ ሴት ልጄን ቀብሬያለሁ። የቀበርኳት ቀን አላለቀስኩም። አምኃ ጡት ይጠባ ነበር፣ ይደነግጥብኛል ብዬ። ከዚያ በኋላ ያለቀስኩትን ሁሉ በሬን ዘግቼ ነው ያለቀስኩት። ልጄ አላየውም። ለቅሶዬን ያየችው ይህቺ ያጠፋሃት ሴት ብቻ ናት። ያለቀስኩ ጊዜ አንተ የት ነበርክ? ዛሬ እዚህ ቁጭ ብለህ በጣትህ እየሳብክ እንባ ትሠራልኛለህ?»

የያቤጽ ፊትም ተለዋወጠ። «እኔም እዚህ አገር እንግዳ ነኝ» አለ ድምፁ ከፍ ብሎ። «አራት ዓመት ሙሉ ሥራዬን አንድ ሰው አላየልኝም። ይህቺን ብቻ ነው ያዩልኝ!»

«አንተን ነው ያዩት። እኔን አላዩኝም» አለችና ተነሣች። «ነገ አብረን ሄደን ታወርደዋለህ።»

በማግስቱ ሦስቱም ኤግዚቢሽኑ ወዳለበት አዳራሽ ሄዱ። የአዳራሹ ኃላፊ ሸበቶ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያስያዘች ሴት ናት፤ በለጥሻቸውን ስታይ ዓይኗ እንባ አቅርሮ በሁለት እጇ ጨበጠቻት፤ በጣም ጀግና ነሽ አለቻት። ያቤጽ በእንግሊዝኛ ተናገረ፦ እሳቸው ፎቶው ብዙም አልተመቻቸውም፣ የግል ጉዳይ ስለሆነ፣ በባህላችንም…

በለጥሻቸው ሃያ ዓመት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ስታጥብና ስታጎርስ የኖረች ናት፤ እንግሊዝኛው አላመለጣትም። «አልተመቸኝም አላልኩህም» አለችው በአማርኛ። «ባህል ምን አመጣው? ውሸት ነው በላት።»

ያቤጽ አንገቱን ደፋ። ስለዚህ ራሷ ዞራ በእንግሊዝኛ ነገረቻት፦ እየሳቅኩ ነበር፣ ጓደኛዬ እዚህ ጋ ነበረች፣ አጠፋት። ማንተግቦሽም «እኔ ነኝ» ብላ ደረቷን መታች።

ኃላፊዋ ያቤጽን አየች፣ ፎቶውን አየች። «ግን እኮ በጣም ኃይል ያለው ሥራ ነው» አለች። «ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ብንቀይረውስ?»

«ፊቴንስ ትቀይሪዋለሽ?»

በዚህ መሃል ሁለት ጎብኚዎች ገብተው ፎቶው ፊት ቆሙ። አንደኛው ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። በለጥሻቸው ይኼን ስታይ ውስጧ የነበረው ሁሉ እጇ ላይ ወረደ። በመካከላቸው አልፋ ፍሬሙን በሁለት እጇ ያዘችና ከሚስማሩ ላይ አነሳችው። ኃላፊዋ «ኖ፣ ኖ፣ ፕሊዝ!» እያለች ስትሮጥ ፎቶው ወርዷል። በለጥሻቸው ያቤጽ ደረት ላይ አስደገፈችው።

«ያዝ። ያንተ ነው።»

ተመልሶ አልተሰቀለም። ኃላፊዋ የይቅርታ መልእክት ላከች፤ በለጥሻቸው አነበበችው፣ አልመለሰችም። ለአምኃም ሁሉን ነገረችው። እሱ ልክሰሰው ብሎ ተነሥቶ ነበር፤ ተው አለችው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያቤጽ ቤቷ መጣ። ሁለቱ ሲስቁ የሚያሳየውን ፎቶ በቀለም አሳትሞ ይዟል። ጉልበቷን ሊስም ዝቅ ሲል ያዘችው።

«ኢንተርኔት ላይ ያለውስ?» አለችው።

«የእኔን አጥፍቻለሁ እትዬ። ሰዎች የወሰዱት ግን… ከእጄ ወጥቷል።» ቀና ብሎ አላያትም። «ለእግዚአብሔር ብለው ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አለችው። መባል ስላለበት አለችው እንጂ ልቧ ገና አልደረሰበትም። ፎቶውን ለማንተግቦሽ ሰጠቻት። ማንተግቦሽ ወዳው ሳሎኗ ሰቀለችው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳያለች። በለጥሻቸው እዚያ ቤት ስትሄድ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ትቀመጣለች። ፎቶውን ባየችው ቁጥር ከላዩ ላይ ጨለማው፣ የተሰነጠቀው ግንባርና የሚያበራው እንባ ይመጡባታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት የማታውቃት ፈረንጅ ከፊቷ ተቀምጣ ደጋግማ አየቻት። በመጨረሻ ጠጋ ብላ ክንዷን ነካች። ፎቶሽን አይቼዋለሁ፣ ልቤን ነው የነካው አለቻት።

በለጥሻቸው እጇን ሰበሰበች። «እሷን አላውቃትም» አለችና ደወሉን ተጫነች። ሁለት ፌርማታ ቀድማ ወርዳ እየተጣደፈች በእግሯ ሄደች። ቤቷ ስትደርስም ንዴቱ አልበረደላትም።