ስለ ቧንቧ የማይወራበት ቀን

ቧንቧ ሠራተኛው ለሚስቱ ቃል ሲገባ አውቶቡሱ ገና አልተነሳም ነበር። ባለፈው ጉዟቸው ያረፉበት ሆቴል መታጠቢያ ቤት ውሃ ሲያንጠባጥብ ቢያይ ጊዜ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ግማሽ ቀን እዚያው ተጋድሞ ዋለ። እሷ ብቻዋን ከተማ ስትዞር። ስለዚህ መምህርቷ ባለቤቱ ዛሬ ነገሩን ቁርጥ አደረገችው።

«ስለ ቧንቧ አንዲት ቃል ከአፍህ ብትወጣ፣ ከእንግዲህ የጉዞ ጓደኛዬ እህቴ ናት። አንተ ቤት ጠብቅ።»

«እሺ እመቤቴ። ዛሬ ሙያ የለኝም።»

እህትየዋ እንደሆነች ሻንጣዋን ካዘጋጀች ሰንብታለች፤ ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

ተራራው ላይ ያለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ በእግር ብቻ ነው የሚወጣው። ደረጃው ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ መሃል መሃሉን የስንቱ ሰው እግር በልቶት ሰርጉዷል። መምህርቷ ከፊት ከፊት እየሄደች ያገኘችውን ሰሌዳ ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች።

«እዚህ ጋ ገበያ ነበር። እዚህ ጋ ደግሞ ፍርድ ቤት።»

«ኧረ?» ይላል ባል። ጎበዝ ተማሪ።

እስከ ሁለተኛው እርከን ድረስ ቃሉን ያለ ችግር ጠበቀ። እዚያ ግን ከደረጃው ጎን፣ በሣሩ መሃል፣ ከድንጋይ የተጠረበ የውሃ ቦይ ብቅ አለ። ስፋቱ አንድ ስንዝር፣ ውስጡ የተላገ እንጨት ይመስል ልሙጥ። ሰውየው ዓይኑን ወደ ሰማይ አነሳ። ሰማዩ ላይ ምንም ስላልነበረ መለሰው።

የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። ቦዩ ከመታጠፉ በፊት ትንሽ ጉድጓድ አለችው፤ አሸዋው እዚያ እንዲቀር። በላይዋ የድንጋይ ክዳን፣ በክዳኑ ላይ ሁለት የጣት ማስገቢያ። አንድ ሰው ብቻውን የሚያነሳው ክዳን! የእሱ ዕድሜ እኮ ያለቀው ሰው በሲሚንቶና በሴራሚክ የቀበረውን ቧንቧ በመዶሻ ሲፈልግ ነው። ይኼኛው ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሲሠራ ኋላ መጥቶ የሚጠግነውን ሰው አስቧል። ክዳኑን በመዳፉ ዳሰስ አደረገው።

«አንተ ሰውዬ! ጫማ ማሰር ይኼን ያህል ነው?»

«ክሩ አዲስ ነው፣ አልለመደም።»

እስከ አናቱ ድረስ ክሩ አምስት ጊዜ ተፈታ። በየመታጠፊያው።

አናቱ ላይ ጣሪያው የወደቀ ሰፊ አዳራሽ አለ። ምሰሶዎቹ ብቻ፣ ማንንም ሳይጠብቁ፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። መሃሉ ላይ ክብ የድንጋይ ገንዳ። መምህርቷ ቀጥታ ወደሱ ሄደች። ገንዳውን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ሰሌዳው «መታጠቢያ» ብሎ ያልፋል።

«ግን እዚህ ሰማይ ጥግ ውሃው በምን ወጣ? ማን ተሸከመው?»

ባል ከንፈሩን ነከሰ። መልሱ ከጀርባዋ፣ ከግድግዳው ሥር ነበር፤ አይቶታል። አፉን ከፈተና ውሃ ጠጣበት።

«ምን ሆነሃል? አመመህ እንዴ?»

«ቃል አለብኝ።»

ፊቱን አየች። ከዚያ ጫማውን። ምሰሶ ተደግፋ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ።

«ከታች ጀምረህ ይዘኸው ነው የወጣኸው?»

«ከሁለተኛው እርከን።»

«በል ተናገር፣ ሳትፈነዳ።»

«ኋላ እህትሽ...»

«እኔ አይደለሁ የጠየቅኩት? ተናገር!»

እጇን ይዞ ከግድግዳው ጀርባ ወሰዳት። ቦዩ ከገደሉ ጋር ተለጥፎ፣ ከማዶው ከፍ ካለው የተራራ ትከሻ ይመጣል።

«ማንም አልተሸከመውም። ከዚያ በራሱ ወረደ። ተዳፋቱን ተመልከቺ፤ ዓይን እንኳ በቅጡ አያየውም። ትንሽ ቢበዛ ድንጋዩን ይበላዋል፣ ትንሽ ቢያንስ ውሃው ይቆማል። ይኼን ሰው ባገኘው እጁን ነበር የምስመው።»

ተንበርክካ ቦዩ ላይ ባለው ክዳን ቀዳዳዎች ጣቶቿን አስገባች። ልክ ሆኑ። ቆይታ አወጣቻቸው።

«ሰሌዳው ግን ስለሱ አንድም ነገር አላለም» አለች፣ ተማሪዋ የተበደለባት ያህል ተቆጥታ።

ሲወርዱ ፊት ፊት የሄደው እሱ ነው። የበሩ ጥበቃ ከታች ሆኖ «ሊዘጋ ነው!» ብሎ ተጣራ። የመለሰችለት እሷ ነበረች፤

«አንድ ጊዜ ወንድሜ፣ እየተማርኩ ነው!»