የእናቷ ኪሎ

ትከሻዋ የተጎዳው ጂም ውስጥ ነው ተብሎ ይወራል። ወሬውን ያስወራችው ራሷ ናት። «ብረቱ አመለጠኝ» አለች፤ ወንድሟም፣ የወንድሟ ሚስትም፣ ልብስ የምትተኩስበት ላውንደሪ ያሉት ሴቶችም አመኗት። ሴት ብረት አንስታ ተጎዳች ሲባል ሰው ማስረጃ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብሎ የሳቀባት የገዛ ወንድሟ ነው፤ ያውም እጇን በጨርቅ አንጠልጥላ ፊቱ ቆማ።

እውነቱ ሌላ ነው። እናቷ እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል። አንድ ቀን ገላቸውን አጥባ ከመታጠቢያው በርጩማ ወደ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ስታዛውራቸው እርጥቡ ወለል አዳለጣቸው። በአንድ እጇ ብብታቸው ስር ገብታ ያዘቻቸው። ትከሻዋ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። አልለቀቀቻቸውም። አድርቃ፣ አልብሳ፣ አልጋቸው ላይ አስተኝታ ወጣች። በማግስቱ ጂም ሄዳ፣ ምንም ሳታነሳ ተመልሳ፣ ብረት ጣለኝ አለች። እናቷ ልጄን ጎዳኋት እያሉ እንዳይብሰለሰሉ ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚለውን ተረት ታውቀዋለች። ምን ዋጋ አለው፤ ተረት ትዝ የሚለው ሁሌም ከታረሰ በኋላ ነው።

እናትና ልጅ የመነሻ ሥርዓት ነበራቸው። ልጅ ጉልበቷን ከእናቷ ጉልበት ታጋጥማለች፤ እናት ሁለት እጃቸውን ከልጃቸው ማጅራት ኋላ ያቆላልፋሉ፤ ከዚያ አብረው ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛሉ። መቼ እንደሚነሱ የሚወስኑት ተነሺዋ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዱቄት በሚዛን ሲሸጡ የኖሩ ሴት ስለሆኑ፣ ዝግጁ ሲሆኑ እንደ ሱቃቸው ዘመን «ሚዛን!» ይላሉ። ያኔ ልጅ ታነሳለች። ጂም የገባችውም ለዚሁ ነው፤ እናቷ ሰፋ ያሉ ሴት ነበሩ። «ስልሳ ሁለት ኪሎ ነኝ፤ ከነምላሴ ሰባ» ይሉ ነበር።

ትከሻዋ ሲጎዳ ወንድሟ መጥቶ እናታቸውን ወደ ቤቱ ወሰደ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ያልሆነ ሰው እንደሚናገረው፣ መሬት መሬቱን እያየ ነው የነገራት።

«መሥሪያ ቤቴ ወደ ሌላ ከተማ ሊያዛውረኝ ነው። የልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ እንሄዳለን። የምንገባበት ቤት ደግሞ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። እስከዚያ እማን ማንሳት ከቻልሽ ውሰጃት። ካልቻልሽ ግን የአረጋውያን ማዕከል ቦታ ይዣለሁ።»

«እሺ» አለች።

«እሺ ብቻ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው እኮ፤ እኔም ሰው ነኝ።»

«እሺ አልኩህ እኮ፣ ወንድምዬ።»

ማልቀስ የነበረባት ያኔ ነው። አልመጣላትም። ሐዘንም አልነበረም፣ ንዴትም አልነበረም፤ ጥርስ ለመንቀል መርፌ የተወጋ ድድ ዓይነት ነገር ነበር። መኖሩን ታውቃለች፣ ስትነካው ግን የሌላ ሰው ነው።

ፊዚዮቴራፒስቱ ቁመተ ረጅምና ቀልደኛ ነው። ጅማቷ በከፊል መቀደዱን፣ ኦፕራሲዮን እንደማያስፈልጋት፣ ትዕግሥት ግን እንደሚያስፈልጋት ነገራት። ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ የታመመውን እጇን ቁልቁል ለቃ እንድታወዛውዘው አሳያት። ጣቶቿን ግድግዳ ላይ አንድ በአንድ እያራመደች ወደ ላይ እንድትወጣ አደረጋት፤ ቤቷም እንዲሁ ስታደርግ ግድግዳው ላይ የጣቷ ምልክት በየሳምንቱ ትንሽ ከፍ እያለ ቀረ። ቀጥሎ ላስቲክ በር እጀታ ላይ አስሮ አስጎተታት።

«ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው?» ይላታል።

«ምንም።»

«ምንም የሚባል ቁጥር የለም። ሁሉም ሰው እዚህ መጥቶ ይጮሃል፤ አንቺ ብቻ የባንክ ሰልፍ ላይ ያለሽ ትመስያለሽ። ካልነገርሽኝ በምን ልወቅልሽ?»

«ሲያመኝ እነግርሃለሁ» አለች። ግን አልነገረችውም። ሰውነቷ የሚነግራትን መስማት ካቆመች ቆይታለች።

ላውንደሪው ውስጥ ከመተኮሻው ጠረጴዛ አንስተው መቀበያው ጋ አስቀመጧት። ሸሚዝ ላይ ቁጥር በመርፌ ቁልፍ ታያይዛለች፣ አንሶላ ታጥፋለች፣ ለደንበኛ «ሐሙስ ይደርሳል» ትላለች። ሴቶቹ «ተኳሿ ጥይት ጨረሰች» እያሉ ይቀልዱባታል። ፈገግ ትላለች፤ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ይቆይና መሄዱን ሳታስተውል ይሄዳል።

እናቷን በየሳምንቱ እሑድ ታያቸው ነበር። ወፍራም ሹራብ ለብሰው፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው፣ መስኮት ሥር ይቀመጣሉ። እጇ ስለታሰረ አታቅፋቸውም፤ ጉንጭ ብቻ ትስማቸዋለች። የእሳቸው ጥያቄ ደግሞ ሁሌ አንድ ነው።

«ስንት አነሳሽ?»

«ገና ምን አነሳለሁ እማ፣ የውሃ ጠርሙስ ነው የያዝኩት።»

«እሱ ስንት ነው?»

«አንድ ኪሎ።»

እናቷ ድሮ ሱቃቸው ውስጥ ያደርጉት እንደነበረው ዓይናቸውን ጨፍነው ያስባሉ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ።

የወንድሟ ሚስት በሩ ጋ ስትሸኛት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታወራታለች። «እማማ ምግብ እንቢ ብለዋል። ሾርባውን ይቀምሱና ጠገብኩ ይላሉ። የእኔ እጅ አልጥም ብሏቸው ይሆን? ደግሞ ክሊኒክ በሄድን ቁጥር ተቀምጠው የሚመዘኑበት ሚዛን ላይ ካልተመዘንኩ ይላሉ።»

«የቆየ ልማድ ነው» አለች። «ሚዛን ስታይ አያስችላትም።»

እግሯ ሥር የቤቱ ድመት ተጋድማለች። ድሮ አጥንቷ የሚቆጠር ድመት ነበረች፤ አሁን ሆዷ ምንጣፉ ላይ ተንጣሏል። ወፍራለች፣ ብላ አሰበች። ከዚያ አላለፈችም።

የታሰረው ጨርቅ ከወለቀ በኋላ ወደ ጂም ተመለሰች። አሰልጣኙን ሁሉም «ቀስ በቀስ» ይለዋል፤ የተረቱን ግማሽ እሱ ይጀምራል፣ «እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ቤቱ በሙሉ ይጨርስለታል። ባዶውን ብረት እንኳ አላስነካትም፤ የመጥረጊያ እንጨት ሰጣት። ጂሙ ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች ሲያዩዋት ሳቁ። እንጨቱን ደረቷ ድረስ፣ ቀጥሎ ከራሷ በላይ አነሳች። ከዚያ ትንንሾቹ ዳምቤሎች መጡ፣ ከዚያ ባዶው ብረት፣ ከዚያ ጎንና ጎኑ ላይ ክብ ብረቶች። ሌሎቹ ሲያነሱ ያጓራሉ፣ ይሳደባሉ፣ መስታወት ያያሉ። እሷ ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ ላቧን ትጠርጋለች። ደስ አላላትም። ማድረግ የነበረባት ነገር ስለሆነ አደረገችው።

አንድ ቀን አሰልጣኙ የአሸዋ ከረጢት ጎትቶ አመጣ። «እናትሽ እጀታ የላቸውም» አላት። «ሰው የሚነሳው ታቅፎ ነው። ይኼን ተለማመጂ።» ከረጢቱን ከበርጩማ ላይ አቅፋ ታነሳለች፣ ዞራ ሌላ በርጩማ ላይ ታስቀምጣለች። አሸዋ ይጨምርባታል። ሲጨምር ሲጨምር አርባ አምስት ኪሎ ላይ ደርሳ ቆመች። ትከሻዋ እንቢ አለ።

በዚያ እሑድ እናቷ ሲጠይቋት፣ «አርባ አምስት ላይ ተገትሬያለሁ» አለች።

«አይጨምርም?»

«እንጃ፣ እማ።»

«የትምህርት ቤቱ መዝጊያ እየቀረበ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

እናቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ አድርገው፣ «አይዞሽ፤ ሚዛን በአንድ ወገን ብቻ አይስተካከልም» አሉ። ለማጽናናት ያህል የተባለ መሰላትና ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ በኋላ ትከሻዋ ተፍታታላት። አሰልጣኙ ለሁለት ሳምንት ሸክሙን ቀንሶላት እንደገና ቀስ በቀስ ሲመልሰው፣ አርባ አምስትን አለፈች፣ ሃምሳን አለፈች፣ መጨረሻ ላይ ስልሳ ሁለቱን ታቅፋ ተነሳች። ጂሙ አጨበጨበላት። ለእናቷ ግን አልነገረችም። ያልተጨበጠ ነገር አስወርታ፣ ኋላ ትከሻዋ ቢከዳት እናቷን ሁለት ጊዜ ማሳዘን ይሆናል። ስለዚህ በተጠየቀች ቁጥር «ያው አርባ አምስት ነው» እያለች ቀጠለች። ይኼ ሁለተኛው ማለባበስ ነው።

ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ወንድሟ ቤት ስትደርስ ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል፣ መጋረጃው ወርዷል። እናቷ ከነሹራባቸው ሶፋው ላይ ናቸው። ባዶው ተሽከርካሪ ወንበር ከጎናቸው ቆሟል። ድመቷ ካርቶን ውስጥ ተኝታለች፤ ካርቶኑ ጠቧታል።

«በይ እስቲ» አለ ወንድሟ እጁን አጣምሮ። «ከዚህ እዚያ። ካቃተሽ አቃተኝ በይ፣ ማንም አይፈርድብሽም። ማዕከሉ እስከ ማታ ነው የሚጠብቀን።»

እናቷ ፊት ቆመች። ጉልበቷን ከጉልበታቸው አጋጠመች። እጃቸው ማጅራቷ ላይ ተቆላለፈ። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደፊት ተወዛወዙ። እሷ የአሸዋውን ከረጢት እያሰበች እግሯን ተከለች፣ ትንፋሿን ያዘች።

«ሚዛን!» አሉ እናቷ።

ሙሉ መስሎት ባዶ ጀሪካን ብድግ እንዳደረገ ሰው ወደኋላ ተንገዳገደች። አንድ እግሯን ካርቶን ላይ አስደግፋ ባትቆም ኖሮ ሁለቱም ይወድቁ ነበር። እናቷ እቅፏ ውስጥ ናቸው፤ እግራቸው መሬት አይነካም። ሹራቡ በእጇ መሐል ተጨማደደ። ከሹራቡ ሥር ሥጋ ፈለገች፤ መዳፏ ያገኘው የጎን አጥንት ነው፣ አንዱ፣ ከእሱ በታች ሌላው።

«ኧረ ጉድ!» አለ ወንድሟ እያጨበጨበ። «እማን ላባ አስመሰለቻት እኮ!»

አላስቀመጠቻቸውም። ወንበሩ አጠገቧ ነው፣ መዞር ብቻ ነው የቀራት፤ ግን አልዞረችም። እናቷ አገጫቸውን ትከሻዋ ላይ፣ ያ በተጎዳው ላይ፣ አሳርፈው ጆሮዋ ሥር አንሾካሾኩ።

«ቀለልኩልሽ?»

«እማ፣ ምን ሆነሻል? ምን አደረግሽ?»

«አርባ አምስት አላልሽኝም? አርባ ስምንት ገብቻለሁ። ሦስቱ ምላሴ ነው።»

«አነሳሽ ነበር እኮ! ስልሳ ሁለቱንም አነሳለሁ! ችያለሁ እኮ፣ እማ!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

እናቷ የማጅራቷን ፀጉር በጣታቸው አስተካከሉላት።

«ያን ቀን መታጠቢያ ቤት ቀጭ ያለውን እኔም ሰምቼዋለሁ» አሉ። «ብረት ነው ስትይ ዝም አልኩሽ።»

ድንዛዜው በአንድ ጊዜ ለቀቃት። ሲለቅ እንደ ጥርስ ማደንዘዣ መርፌ ነው፤ መጀመሪያ ከንፈሯን፣ ቀጥሎ ጉሮሮዋን፣ ቀጥሎ ሙሉ ደረቷን አመማት። ያን ሁሉ ወር ያልመጣው እንባ እናቷ ሹራብ ላይ ፈሰሰ፤ ድምፅም ነበረው። የወንድሟ ሚስት ከኩሽና እየሮጠች ወጣች። ወንድሟ ማጨብጨቡን አቆመ።

«ትከሻሽን ነው? አመመሽ?» አላት።

ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ ይሁን አይደለም እሷም አላወቀችውም። እናቷን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች።

«በይ አንቺ ልጅ፣ ሰው አየን» አሉ እናቷ። «አስቀምጪኝና ቤታችን ውሰጂኝ፤ ርቦኛል።»