ለባለሙያዋ የተጠረገ ቤት

አማቲቱ ልጃቸው ቤት ሲገቡ ሰላምታ አይሰጡም፤ ፍተሻ ነው የሚጀምሩት። የዚያን ዕለት ጠዋትም ጫማቸውን ሳያወልቁ ጣታቸውን በስፌት መኪናው ላይ አሳለፉና አቧራውን ለልብስ ሰፊዋ ምራታቸው አሳዩ።

«እዚህ ነው የመንግሥት ሰው የምትቀበዪው?»

ልብስ ሰፊዋ ልጇን እያጎረሰች ስለነበር ቀና አላለችም። ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አትራመድም፣ አትናገርም፣ ስትውጥም ካልተጠነቀቁላት ትታነቃለች። በዓይኗ ብቻ ሰው ስለምታዝ ቤተሰቡ «አለቃ» ይላታል። መስኮቱን ካፈጠጠችበት ይከፈታል፤ ማንኪያውን ከገላመጠችው ይመለሳል። አባቷ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ቤቱን የሚያውቀው በስልክ ነው ቢባል ሐሜት አይሆንም። ስለዚህ አለቃን የሚያነሳትም፣ የሚያጥባትም፣ ስትንቀጠቀጥ የሚይዛትም አንድ ሰው ብቻ ነው። የዚያ ሰው ወገብ ደግሞ ከተቆረጠ ሰነባብቷል።

የድጋፍ ቢሮው እንዲህ ላለ ቤት ሁለት ነገር ይሰጣል ተብላለች። አንደኛው ለዳይፐርና ለመድኃኒት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ነው። ሁለተኛው እረፍት ነው፤ በየወሩ ሁለት ቀን ልጅቷ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ጋ ታድራለች፣ እናት ትተኛለች። ገንዘቡን ቢከለክሏት ሰፍታ ታመጣዋለች። እንቅልፍ ግን አይሰፋም። ዛሬ የቢሮው ባለሙያ መጥታ ቤቱን አይታ ትወስናለች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ እማማ» አለች። «ቤቱን እንዳለ ትየው።»

«የሚባለውን ተዪና መስኮቱን ወልውዪ! ገበናን ለባዳ? ልጄ ቤት የተቸገረ ሰው ያለ ይመስል!»

ልጅቷን ልታጥብ ይዛት ገባች። አለቃን ማጠብ ጊዜ ይፈጃል፤ እጅ ከደነገጠ እሷም ትደነግጣለች። ይዛት ስትወጣ ቤቱ የሰው ቤት ሆኖ ጠበቃት። የዳይፐሩ ካርቶን የለም። ተሽከርካሪ ወንበሩ በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ለብሷል። ከልጇ አልጋ ሥር የምትተኛበት ፍራሽ ጎረቤት ተሰዷል። ሶፋው አዲስ ጨርቅ ለብሶ ጠረጴዛው ላይ አበባ ተቀምጧል። ኧረ አበባ! አማቲቱ በዚያ ዕድሜያቸው ያን ሁሉ ብቻቸውን ጎትተውታል፤ ለክፋት ሲሆን ጉልበት አይጠፋም።

ልጅቷን ሶፋው ላይ በትራስ አስደግፋ ወንበሩን ልታመጣ ወደ በረንዳው ስትራመድ በሩ ተንኳኳ።

ባለሙያዋ ወጣት ናት። ታብሌቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ሶፋውን፣ አበባውን፣ ትራስ ላይ የተደገፈችውን አለቃን ተራ በተራ አየች።

«ቤታችሁ ደስ ሲል! እንዴት ናችሁ?»

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊዋ በገዛ እጇ ጉድጓዷን ቆፈረች። ስትሰፋ ስታጠናው የከረመችው ንግግር ነበራት። ነገር ግን እንዴት ናችሁ ሲባል አፏ ከልጅነቷ የለመደውን አወጣ።

«ደህና ነን፣ ተመስገን።»

ባለሙያዋ ጻፈች። «ማን ያግዝዎታል?»

«እኛ አለን!» አሉ አማቲቱ። «ቤተሰብ ምን ሊሠራ ነው፣ ልጄ? እኔው እይዛታለሁ። መልአክ እኮ ናት። እናቷ ትንሽ ማማረር ትወዳለች እንጂ።»

እይዛታለሁ ባይዋ ልጅቷን የያዟት አንዴ ነው፤ እሱም ለፎቶ።

«ውሸት ነው!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እህቴ፣ ወንበሯን ደብቀውት ነው። እኔ የምተኛው መሬት ነው፤ እሱም ከተኛሁ።»

ባለሙያዋ ፈገግ አለች። «ይገባኛል፣ የማይደክማት እናት የለችም። እኔ የምሞላው ግን የማየውን ነው። ከእናንተ የባሰባቸው ብዙ አሉ። እርስዎ ጠንካራ ነዎት።»

ጠንካራ! ደሟ ፈላ። ልጇን ብድግ አድርጋ አማቷ ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

«በሉ ይያዙልኝ። አንቺም ቁጭ ብለሽ የምታዪውን ሙዪ።»

መኝታ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈችና የልጇ አልጋ ላይ ወደቀች። ሳሎን ውስጥ መጀመሪያ የአማቲቱ ሳቅ ተሰማ። ቀጥሎ «ኧረ ተንሸራተተች!» ቀጥሎ የአለቃ ጩኸት። ልብስ ሰፊዋ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ትራሱን ጆሮዋ ላይ ጫነች። እልኋ ከድካሟ በልጦ ነበር።

«ጠምቷት ይሆናል» የሚለው የባለሙያዋ ድምፅ ትራሱን አልፎ መጣ። «ውሃ ይስጧት።»

ውሃ! አለቃ ውሃ በብርጭቆ ከጠጣች ሳንባዋ ውስጥ ነው የሚገባው። በሩን እንዴት እንደከፈተችው አታውቅም። የልጅቷ ከንፈር ጠቁሯል፤ አማቲቱ ብርጭቆ ይዘው ደርቀዋል። ልጅቷን ነጥቃ በሆዷ ጉልበቷ ላይ ደፋቻት፤ ጀርባዋን መታች፣ ደገመች። ልጅቷ አስመለሳት፤ ተነፈሰች። ከዚያ በእናቷ አንገትጌ ላይ ተጣብቃ አለቀሰች።

ባለሙያዋ ስክሪኑን ነካካች። «ቅድም የሞላሁትን ሰርዤዋለሁ። በእውነት ተቸግረዋል።»

ልብስ ሰፊዋ የልጇን አፍ በእጅጌዋ ጠረገች። «እግዜር ይስጥልኝ። እረፍቱ መቼ ይጀምራል?»

«እረፍት አይደለም። እረፍት ልጁን በደህና ለሚይዝ ቤት ነው። እርስዎ ጥለዋት በር ቆልፈዋል። ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ክፍል አስተላልፋታለሁ፤ እነሱ መጥተው ይወስዷታል።»

«ለስንት ቀን?»

«ቋሚ ነው።»

አማቲቱ ብርጭቆውን ከአበባው ጀርባ ደበቁ። ልብስ ሰፊዋ እሳቸውን አላየችም። ሁለት ቀን ነበር የለመነችው። ሁለት ቀን ብቻ!

«እህቴ» አለች፣ ድምጿን አለስልሳ። «ቅድም የጻፍሽው ነው ልክ። ደህና ነን። አማቴ ያግዙኛል። ዛሬ ተናድጄ ነው እንጂ አልደከመኝም።»

ባለሙያዋ አየቻት። ማስተላለፍ ብዙ ሥራ አለው፤ ፊቷ ሲፈታ ታየ። «እንግዲያው የእረፍት ጥያቄዎን ልዝጋው?»

«ዝጊው።»

ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ ሰው እንዲህ ጠልታ አታውቅም። ልጇን እንዳቀፈች እስከ ደረጃው ሸኘቻትና «እናመሰግናለን፣ ደክመሽ መጣሽ» አለቻት።